ባዶውን የማይመለስ ምሳ ዕቃ

በእኛ አገር የጎረቤት ዕቃ ባዶውን አይመለስም። በርበሬ የተበደረች ሴት ሳህኑን ስትመልስ አንድ ጭብጥ ቆሎ ታደርግበታለች። ቆሎው ከጠፋ ደግሞ ከጓሮዋ የጎመን ቅጠል ቆርጣ ጣል ታደርግበታለች። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ ሲደረግ እያየሁ አደግሁበት። አባቴ በታሰረበት ጊዜ ግን ይህ ተራ የሰፈር ወግ ለቤታችን ከእንጀራ በላይ ሆነ።

ዘንድሮ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። በጸሎት ኅብረታችን ልጆቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ በጊታር ጭምር ሲዘምሩ ስሰማ አሁንም ይገርመኛል። «የጸሎት ርዕስ ያላችሁ አቅርቡ» ሲባል ግን እኔ ቶሎ አልናገርም። ከመለመኔ በፊት አንድ የማመሰግንበት ነገር መፈለግ አለብኝ። አንዲት የመኝታ ክፍሌ ልጅ ይህን ልማድ ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀችኝ፤ የሰጠኋት አጭር መልስ እኔንም አላረካኝም። ስለዚህ እንደማስታውሰው አድርጌ ልጽፈው ሞከርኩ።

ቤታችን ከሆሳዕና ወደ ሞርሲቶ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ከከተማው በእግር አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ገበሬ ነው፣ በቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ሽማግሌ ነበር። በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቶ አዳራሹ የገበሬ ማኅበሩ የእህል መጋዘን ሲሆን፣ ምእመኑ በየቤቱ እየተሰበሰበ መጸለይ ጀመረ። አንድ ቀን አባቴ ከሌላ መንደር ከመጡ ወንዶች ጋር እንዲህ ባለ ስብሰባ ላይ ተያዘ። ጥፋታቸው ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ነው ተባለ። መጽሐፍ ቅዱሱም አብሮት ሄደ።

ከዚያ ወዲህ የቤታችን ቀን በአንድ ምሳ ዕቃ ዙሪያ መዞር ጀመረ። የአሉሚኒየም ነው፣ ሁለት ድርብ ያለው፣ ክዳኑ አንድ ጎኑ የተጨረመተ። እናቴ ገና ሳይነጋ ተነሥታ ቆጮ ትጋግራለች፣ ጎመን ትቀቅላለች፤ ላሟ ከሰጠች ከላዩ አይብ ታደርግበታለች። ቆጮውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ታስቀምጥና ዕቃውን በጨርቅ አስራ ትሰጠኛለች። ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በከተማው ወህኒ ቤት በር አደርሰዋለሁ። ዘበኛው «ቅመሺ» ይለኛል፤ እቀምሳለሁ። ውስጡ ወረቀት እንዳይኖር ቆጮውን በቢላ ይሰነጣጥቀዋል። ከትምህርት ስለቀቅ እዚያው በር ላይ ተሰልፌ ባዶውን እቀበላለሁ።

ባዶውን አልኩ እንጂ ባዶ ሆኖ አያውቅም ነበር። አባቴ ሁልጊዜ አንዲት ጉርሻ ያስቀራል። ቁራሽ ቆጮ ላይ ትንሽ ጎመን አድርጎ፣ ከመጣበት ቅጠል ቀድዶ ጠቅልሎ፣ ከዕቃው ሥር ያስቀምጣታል። ወህኒ ቤት ውስጥ ሌላ የሚመልሰው ምን አለውና። ትንሹ ወንድሜ ገና በሩቅ ሲያየኝ «የአባባ ጉርሻ! የአባባ ጉርሻ!» እያለ ይሮጣል። እናቴ ጥቅልሏን ፈታ፣ ለአፍታ አየት አድርጋ፣ ታጎርሰዋለች። እሷ ራሷ ቀምሳት አታውቅም። «ደህና ነው» ትልና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ለእስረኛ መልእክት መላክም ሆነ መቀበል ክልክል ነበር። ለእኛ ግን በየቀኑ ይደርሰን ነበር።

በወህኒ ቤቱ በር የሚሰለፉት ሴቶች ከጃጁራም ከሀቢቾም የመጡ ነበሩ። አንድ ቀን ከፊቴ ለነበረችው ሴት ያመጣችው ምግብ ሳይነካ ተመለሰላት። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከኋላዬ ሴቶች ተንሾካሾኩ።

«ስንቅ ከተመለሰ አለቀ።»

«ወደ ሌላ ወስደውት ይሆናል እኮ።»

«እንዳፍሽ ያድርገው።»

ያችን ሴት ከዚያ በኋላ በሰልፉ ላይ አላየኋትም። ለእናቴ ይህን አልነገርኳትም፤ መንገርም አያስፈልግም ነበር። በዚያ ዘመን የተመለሰ ስንቅ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

አሁን ሴቶቹ ይጸልዩበት ስለነበረው ቦታ ልናገር። ወንዶቹ ከታሰሩ በኋላ ቤት ውስጥ መሰብሰብ አስፈሪ ሆነ። ሴቶቹ ግን ማንም ያላሰበው ቦታ ነበራቸው፤ የእንሰት ጓሮ። በእኛ ዘንድ ሴቶች እንሰት በሚፍቁበት ወንድ አይደርስም። ፋቂዋ ቅጠል ላይ ተቀምጣ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ አንድ እግሯን ወደ ላይ አንሥታ ከግንዱ የተላጠውን ቅርፊት በተረከዟ ከሳንቃው ጋር ትይዛለች። ከዚያ በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች ትፍቃለች። እንዲህ ሆና ወንድ ቢያያት ነውር ነው፤ ነውሩም የእሱ ነው። ሥራው ከባድ ስለሆነ በደቦ ነው የሚሠራው፤ ዛሬ የአንዷን ጓሮ፣ ሌላ ቀን የሌላዋን። መፋቂያዎቹ አብረው ሲፍቁ የሚያሰሙት ድምፅ ዝቅ ብሎ የሚነገር ጸሎት ይሸፍናል። ለሰላዮች የምትመች ቤተ ክርስቲያን አልነበረችም።

ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት አንዲት ባልቴት ነበሩ። ሁላችንም «አማ» ነበር የምንላቸው፤ በሀዲይኛ እናት ማለት ነው። አንድ ቀን የገበሬ ማኅበሩ ታጣቂ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እዚያ ውስጥ ምንድን ነው የሚደረገው?» አለ።

«እንሰት እየፋቅን ነው፣ ጓድ!» አሉ አማ።

«መዝሙር የሰማሁ መሰለኝ።»

«ሥራ ሲከብድ ሰው አያንጎራጉርም እንዴ? በደንብ እንድትሰማ ና ግባ። መፋቂያ አለን፣ እግርህን የምታነሣበት ሳንቃም አይጠፋም!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ታጣቂው «ኧረ በሉ በርቱ» ብሎ ሲሄድ ኮቴው በጣም ይፈጥን ነበር። ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው የገዛ ሚስቱ ነበረች። እኛው መካከል ተቀምጣ መፋቂያዋን ይዛ ነበር።

አማ በዚያ ጓሮ አንድ ሕግ አውጥተው ነበር። ማንም ከመለመኗ በፊት በተራዋ አንድ ነገር ታመሰግናለች። «የጎረቤትን ዕቃ ባዶውን መመለስ የምናፍር ሰዎች፣ ወደ እግዚአብሔር ባዶ አፍ ይዘን ስንሄድ እንዴት አናፍርም?» ይሉ ነበር። ትልቅ ነገር መሆን የለበትም። አንዷ ለጥጃዋ፣ አንዷ የልጇ ሳል ስለተሻላት፣ አንዷም የጎረቤቷ ዶሮ ጎመኗን ስላልበላባት ታመሰግናለች። በኋለኛው አማ ራሳቸው ሳቁ፤ ግን ተቀበሉት።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለሌለን ቃል የምናገረው እኔ ነበርኩ። አባቴ ማታ ማታ ጥቂት ክፍሎችን በቃሌ እንድይዝ ያደርገኝ ነበር። ከነዚያ መካከል ከትንንሾቹ ነቢያት አንዱ የተናገረው ነበረበት፦ በለስ ባታብብ፣ እርሻው እህል ባይሰጥ፣ በረቱ ባዶ ቢሆን እንኳ በአምላኩ ደስ እንደሚለው። በአማርኛ አልኩና ለማያውቁት በሀዲይኛ መተርጎም ጀመርኩ። በለስ ላይ ስደርስ ቆምኩ።

«በለስ ምንድን ነው?» አሉ አማ።

«የዛፍ ፍሬ ነው፣ አማ። በነሱ አገር ይበላል።»

«እሱ ባያብብ ይራባሉ?»

«ይመስለኛል።»

«እንግዲያ እንሰት በይው።»

ደነገጥኩ። በቃሉ ላይ መጨመርና መቀነስ ኃጢአት እንደሆነ ተምሬአለሁ፤ የተማርኩትን ደግሞ በጥንቃቄ የምይዝ ልጅ ነበርኩ። «እንዲህ ይቻላል እንዴ?» አልኩ።

«ምነው፣ እግዚአብሔር እንሰት አያውቅም?» አሉ። «የኛ ሴት በለስ አጥታ አልቅሳ አታውቅም። የሚገባትን ንገሪያት።»

ስለዚህ «እንሰት ባይጸድቅ» አልኩ። ሴቶቹ ሁሉ መፋቂያቸውን ሳያቆሙ «እህ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «የእንሰቱ ቃል» የሚባለው እሱ ሆነ።

አንድ ዓርብ ከትምህርት ስመለስ እንደ ወትሮው ተሰለፍኩ። ዘበኛው ምሳ ዕቃውን ሲያቀብለኝ እጄ ወደ ታች ወረደ። ባዶ ዕቃ የለመደ እጅ ሙሉ ሲሰጡት ይደነግጣል።

«ይሄ የኛ አይደለም» አልኩት።

«የናንተ ነው።»

«ምግብ አለበት እኮ።»

«ተመልሷል።»

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ? የሰጡኝን ሰጠሁሽ። ቀጥሎ!»

ከሁሉ ያስፈራኝ «ልጄ» ማለቱ ነበር። ከዚያ በፊት እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

ከከተማው ከወጣሁ በኋላ መንገድ ዳር ቆሜ ክዳኑን ከፈትኩ። ቆጮው ጠዋት ዘበኛው በቢላ እንደሰነጠቀው ነበር። አይቡ ከጎመኑ ላይ አልተነሣም። መልሼ ዘጋሁት። ልጸልይ ሞከርኩ፤ «ጌታ ሆይ፣ አባቴን» ካልኩ በኋላ ግን ቃል አጣሁ። የአማ ሕግ ትዝ አለኝ፤ አንድ የማመሰግንበት ነገር ፈለግሁ። መንገዱ ደረቅ ነበር፣ ፀሐይዋ ለስላሳ ነበረች፤ እነዚህን አየኋቸው፣ ግን አንዱንም ማንሣት አልቻልኩም። በዚያ መንገድ ላይ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ቀን ዝም ብዬ ሄጄ አላውቅም።

ወንድሜ እንደ ልማዱ እየሮጠ መጣ። እናቴ ከኋላው ወጣች። ምሳ ዕቃውን ከእጄ ስትቀበለኝ ክብደቱ ነገራት። አልከፈተችውም። ገብታ መደቡ ላይ አስቀመጠችው።

«የአባባ ጉርሻስ?» አለ ወንድሜ።

እናቴ ክዳኑን አነሣች። ከቆጮው ቆርሳ፣ ጎመን አድርጋ አጎረሰችው። አላመጠና ቆመ።

«ይሄ የአባባ አይደለም» አለ። «ይሄ የአንቺ ነው።»

እናቴ ወደ ጓዳ ገባች። ስታለቅስ እሰማለሁ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልሰማሁም። መርዶ ሳይነገር አይለቀስም፤ መርዶውን የሚነግረን ደግሞ አልመጣም። ማልቀስም ተስፋ ማድረግም የማይፈቀድበት ቦታ ላይ ነበርን።

በማግሥቱ ቅዳሜ የደቦው ተራ የእኛ ነበር። ሐሙስ ዕለት እንሰቱ ተነቅሎ፣ ግንዱ ተላጦ ጓሮ ተከምሯል። «እማዬ፣ ይቅርብን፤ ሄጄ አትምጡ ልበላቸው?» አልኳት።

«የተላጠ እንሰት ሰው አይጠብቅም» አለች። «ይጠቁራል።» የሥራ ቀሚሷን ለበሰች፣ መፋቂያዋን ይዛ ወጣች።

ሴቶቹ መጡ። ማንም አልነገራቸውም፤ ነገር ግን እናቴን አይተው ሁሉም ሰላምታቸውን አሳጠሩ። የታጣቂው ሚስት ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት፤ እሷም ለሌሎቹ በዓይኗ አስተላለፈች። የተፋቀው የሚወርድበት ጉድጓድ በቅጠል ተነጠፈ። ሁሉም ሳንቃ ሳንቃቸውን ይዘው ተቀመጡ። መፋቅ ተጀመረ።

ትንሽ ቆይተው አማ «እስቲ የእንሰቱን ቃል በዪልን» አሉኝ። አልኩ። ድምፄ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ ግን ጨረስኩት። ከዚያ ምስጋናው በተራ ሄደ። የታጣቂው ሚስት ሌሊት ስለጣለው ዝናብ አመሰገነች። ሌላዋ ዓይኗን አሟት የነበረች ናት፣ ስለ ዓይኗ አመሰገነች። ተራው እናቴ ጋ ደረሰ። ማንም ወደ እሷ አላየም። ዝም ብላ ብታሳልፈው አማ እንኳ ምንም እንደማይሏት ሁላችንም እናውቅ ነበር።

«ጌታ ሆይ» አለች እናቴ፣ መፋቋን ሳታቆም። «ትናንት ጠዋት ቆጮ ጋገርኩ። ጎመኑ ጥሩ አድርጎ በስሎ ነበር። ለሱ ብዬ የማበስልበትን ጠዋት ስለሰጠኸኝ አመሰግንሃለሁ። የመጨረሻዬ ከሆነም አመሰግንሃለሁ።»

ሁለት ሦስቴ ፋቀች። ነጩ ወደ ጉድጓዱ ወረደ።

«እንሰት ባይጸድቅ» አለች። «ላም በበረት ባትኖር። እሱ...» መፋቂያዋ ቆመ። «እሱም ባይኖር።»

ሌሎቹ መፋቂያዎች ቀስ እያሉ፣ ሳይቆሙ ቀጠሉ። ድምፁ እንዳይቋረጥባት የፈለጉ ይመስለኛል።

«ደስ ይለኛል ማለት ግን አልችልም» አለች። «አፌ እምቢ አለ። አመሰግናለሁ እላለሁ፤ ከዚያ በላይ የለኝም።»

«ይበቃል፣ ልጄ» አሉ አማ። «አንዲት ጉርሻ አምጥተሻል፤ ዕቃሽ ባዶ አይደለም። የቀረውን እኛ እንልልሻለን።»

አሉላትም። ሁሉም አንድ ላይ፣ ከመፋቂያው ድምፅ ሳይበልጡ፣ ነቢዩ በአምላኩ ደስ ይለኛል ያለውን፣ ኃይሌ እሱ ነው ያለውን፣ እናቴ መናገር ያቃታትን አሉላት። እኔም አልኩ። እስከዚያ ቀን ምስጋና ማለት ስጦታ የተቀበለ ሰው የሚከፍለው መልስ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ግን ሁሉ ነገር የተወሰደባት መስሏት፣ በእጇ የቀረውን ትንሹን ነገር ፈልጋ አወጣች። ከዚያ በኋላ እግሯን መልሳ አንሥታ ቅርፊቱን ከሳንቃው ጋር ስትይዝ እግሯ አልተንቀጠቀጠም። እኔ ይህን አይቻለሁ።

የዚያን ጓሮ ሥራ ሳንጋምስ ከአጥሩ ውጭ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ተሰማ። መፋቂያዎቹ ቆሙ። በአማርኛ ነበር፤ የሴት ድምፅ ነበር፤ እኔ ደግሞ አወቅሁት። የአማርኛ አስተማሪዬ ነበሩ። አገራቸው ጎንደር ነው፤ ባለቤታቸው ወህኒ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ይሠራሉ። ድርሰቴን በቀይ እስክሪብቶ ሲያርሙ ብቻ የማውቃቸው ቲቸር፣ ጫማቸው በጭቃ ተለውሶ፣ ነጠላቸውን በአንድ እጃቸው ሰብስበው በእንሰቶቹ መካከል መጡ።

«ውይ፣ አንቺ! እንኳን አገኘሁሽ። ስንት ቤት ጠየቅሁ መሰለሽ» አሉኝ። «እናትሽ የትኛዋ ናት?»

አሳየኋቸው።

«አለ» አሏት ገና ሳይጠጓት። «እህቴ፣ ባለቤትሽ አለ። ደህና ነው።»

እናቴ የምታውቀው አማርኛ የገበያ አማርኛ ነው። «አለ» የሚለው ግን ገበያም የሚባል ቃል ነው። መፋቂያዋ ከእጇ ወደቀ።

ቲቸር እየተናገሩ እኔ እየተረጎምኩ ነገሩ ወጣ። «ባለቤቴ ትናንት ሲገባ እየሳቀም እየተናደደም ነው። የጴንጤዎቹ ክፍል ምግብ አንበላም አለ፣ አድማ መታ ተብሎ ኃላፊዎቹ ሲሯሯጡ ነው የዋሉት። በኋላ ጠርተው ቢጠይቋቸው፣ አድማ አይደለም፣ ጾም ነው አሉ። እስከ እሑድ ማታ ድረስ እየጾሙ ለቤተሰቦቻቸው ይጸልያሉ። ባለቤቴ ይህን ሲያወራ እኔ የታየችኝ ይቺ ልጅ ናት። ምሳ ዕቃ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ስንቴ አይቻታለሁ። ዕቃው ሙሉውን ሲመለስላቸው ምን ብለው ይሆን ብዬ አላስቻለኝም።»

«ጾም?» አለች እናቴ።

«ጾም» አልኳት።

«ጾም!» አለች ደግማ። በእንሰት የነጣ እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ተነቀነቀ። እያለቀሰች መስሎኝ ቀረብኳት፤ እየሳቀች ነበር። እያለቀሰችም ነበር። ከዚያ ደግሞ ድንገት ተቆጣች። «አንዲት ምልክት መላክ ያቅተዋል? እሱ ስለኛ ሲጸልይ እኛን ሊገድለን ነበር እኮ! እግዚአብሔርን ከማናገሩ በፊት እኔን አያናግረኝም?»

«ወጉን አላፈረሰም» አሉ አማ ዓይናቸውን እየጠራረጉ። «ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ እሱም ሙሉውን መለሰልሽ!»

ሴቶቹ ሳቁ፣ እልልታ ሊያቀልጡ ሲሉ የታጣቂው ሚስት «ቀስ! ቀስ! የኔው ሰውዬ ይሰማል» ብላ አፏን ያዘች። ለቲቸር ምን እንደተባለ ስተረጉምላቸው እሳቸውም ሳቁ።

«የናንተ ጾም ግን ያስፈራል» አሉ። «እኛ ስንጾም ሽሮ አለ፣ ጎመን አለ፣ ሰው አይጠፋብንም። እናንተ ውኃ እንኳ ሳትቀምሱ!»

«በዪ ንገሪያት» አሉኝ አማ፣ «ቲቸሯ ከከተማ ድረስ በጭቃ የመጣችው ከኛ ጾም ይበልጣል በያት።» ይህን ስተረጉም ቲቸር አንገታቸውን ደፉ።

እናቴ እጇን ታጥባ ቤት ገባች። ስትመለስ ምሳ ዕቃውን ይዛ ነበር። ቆጮውን ሞቅ አድርጋዋለች። «ይሄ የሱ ድርሻ ነው፤ እሱ ካልበላው አንቺ ብዪልኝ በያት» አለችኝ። ቲቸር በእንሰት ቅጠል ላይ ተቀምጠው በሉ። ቆጮ የለመዱ አይመስለኝም፣ ግን ጥሩ አድርገው በሉ፤ እንደ እንግዳ ወግ በመጨረሻ ትንሽ አስቀሩ። ወንድሜ ከየት እንደመጣ ሳናውቅ ብቅ ብሎ ዕቃው ውስጥ ተመለከተ።

«ይቺ የአባባ ናት» ብሎ አንሥቷት ሄደ። ትናንት እምቢ ያለው ያው ቆጮ ነበር።

ሰኞ ጠዋት እናቴ ጾም ለዋለ ሆድ ብላ ከታች የቡላ አጥሚት፣ ከላይ ቆጮ ሠራች። ከሰዓት በኋላ ዘበኛው ሲያቀብለኝ ዕቃው ቀላል ነበር። መንገድ ላይ አልከፈትኩትም፤ ልከፍተው ፈለግሁ፣ ግን የእናቴ መሆኑ ተሰማኝ። ቤት ስትከፍተው ከሥሩ አንድ ሳይሆን ሁለት ጥቅልል ነበረ። የቲቸር ባለቤት ለአባቴ የሆነውን ነግረውት ኖሮ ያደረገው መሰለኝ። እናቴ አንዱን ለወንድሜ አጎረሰችው። ሁለተኛውን በመዳፏ ይዛ ጥቂት ቆየች። ከዚያ ወደ በሩ ፊቷን አዙራ ራሷ በላችው። አባቴ ታስሮ በቆየበት ጊዜ ሁሉ እሷ የእሱን ጉርሻ ስትቀምስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። «ደህና ነው» ግን አላለችም። «ተመስገን» ነው ያለችው።

አባቴ ከዚያ በኋላም ብዙ ወራት ታስሮ ቆየ። የተፈታ ዕለት ማንም አልነገረንም፤ በእግሩ ከሆሳዕና መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ከስቶ ነበር፣ ጢሙ ሸብቷል። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ እንኳን ደስ ያላችሁ ብሎ ከሄደ በኋላ እናቴ ቆጮና ጎመን በሳህን አቀረበችለት። ቀስ ብሎ በላ። ሊጨርስ ሲል ቆመ። አንዲት ጉርሻ ለይቶ፣ ከቅጠሉ ቁራጭ ቀድዶ ጠቀለላትና ከሳህኑ ሥር አስቀመጣት። የሚያደርገውን ራሱም ያወቀ አይመስለኝም።

ሁላችንም አየነው። ወንድሜ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

«ብላት» አለችው እናቴ ቀስ ብላ። «ቤትህ ነህ። የሚመለስ ዕቃ የለም።»

አባቴ ሳህኑን አየ፣ እኛን አየ። ጥቅልሏን ፈታ፣ ጉርሻዋን አነሣና ወደ እናቴ ዘረጋላት። እናቴ በልጆቿ ፊት መሆኗን አስባ አፈረች፤ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ እጇን አንሥታ ጎረሰችለት።